ያጠብኩት ፍሬን

በመርፌና በክር ማስቀመጫዬ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአዝራሮቹ ሥር፣ አውራ ጣት የምታክል አንዲት ጥቁር ላስቲክ አለች። ልጄ ትንሽ ሳለ አግኝቷት፣ ላጲስ መስላው ደብተሩን ፈትጎባት ነበር፤ ጥቁር መስመር ጥላበት ስታናድደው መልሶ አመጣልኝ። "ምንድን ናት?" ሲለኝ "ከአያትህ ሳይክል የወለቀች ናት" አልኩትና ከእጁ ተቀበልኩት። እውነቴን ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩት። ያቺን ላስቲክ በነካሁ ቁጥር፣ ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ መዳፌን ያልበኛል።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው በአምስተርዳም ኖርድ፣ ከውሃው ማዶ፣ በአንድ የኪራይ ፎቅ ቤት ሦስተኛው ደርብ ላይ ነበር። ወደ ከተማው የምንሻገረው እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እኛም "ፖንት" በምንላት ጀልባ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ ያኔ እዚያ ከተማ ውስጥ ሐበሻ ከሐበሻ ጋር መንገድ ላይ ከተገናኘ ሳይተዋወቅ አይለያይም። አባዬ ስኪፖል በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ያጸዳ ነበር፤ እማዬ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ሁለቱም የየሥራቸውን ሳሙና ሽታ ይዘው ይገቡ ስለነበር፣ ጀርባዬን ሰጥቼ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ እንኳ ማን በር እንደከፈተ በሽታው አውቅ ነበር። የአባዬ የሎሚ ነው፤ አፍንጫ ይሰረስራል።

አባዬ በወጣትነቱ ደሴ ውስጥ ለአንድ ክለብ ሳይክል ይወዳደር ነበር። ሌላ አባት ለልጁ ተረት ሲያወራ የእኔ አባት መንገድ ያወራልኛል። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ እንዴት ፊት እንደሚያረጥብ፣ ኮምቦልቻ ሲቃረቡ ሙቀቱ ከታች እንዴት እንደሚቀበል፣ ሐይቅን በቀኝ ትቶ ሲወጣ ውሃው እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚያንስ፣ ከዚያ አሸንጌ፣ ከዚያ የአላጌ ጥምዝምዝ። ስሞቹን በቅደም ተከተል በቃሌ ይዣቸው ነበር፤ አንዱንም አይቼው አላውቅም። የተወለድኩት ሜዳ ላይ ነው። አባዬ ሆላንድን "እግዜር በካውያ የተኮሳት አገር" ይላት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ በስስ ጎማው የውድድር ሳይክል፣ እኔ በቀይዋ ሳይክሌ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ባለው የውሃ መከላከያ ግድብ ላይ እንወጣ ነበር። አንዲት ጎበጥ ያለች የእንጨት ድልድይ ነበረች፤ ስሟን ጣርማ በር አልናት። ዳክዬ የሞላበት ኩሬ ደግሞ አሸንጌ ነው። "ጣርማ በር ደረስን፣ ማርሽ ቀንሺ!" ይለኛል፤ የእኔ ሳይክል ማርሽ የለውም፣ ግን የምቀንስ መስዬ እጄን አዞራለሁ። የእኔ ሳይክል የእጅ ፍሬንም አልነበረውም። እንደዚያ አገር የልጅ ሳይክል ሁሉ፣ ፔዳሉን ወደኋላ ስትረግጠው ነው የሚቆመው። ለእኔ ፍሬን ማለት እግር ነበር። የአባዬ ጎማ ላይ ያሉት እነዚያ የሚቆነጥጡ ብረቶች ጌጥ ይመስሉኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል።

ፈሪ ልጅ ነበርኩ። ውሃ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን የበር ደወል እፈራ ነበር። ለዚህ ምክንያት ነበረኝ። አንድ ቀን ማለዳ እማዬ እኔን የምትተውበት ሰው አጥታ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ወደ አንዲት ጎረቤታችን ቤት ይዛኝ ሄዳ ነበር። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከካፖርታቸው በታች ለብሰዋል፤ በመንገድ ላይ ማንም አላወራም። ሴትየዋ በሌሊት ልብሷ ሆና እየሳቀች በሩን ከፈተች፣ ከዚያ ፊታችንን አንድ በአንድ አየች፣ ከዚያ ያንን ሳቅ እንደያዘች ጮኸች። ወንድሟ አገር ቤት ሞቶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ገባኝ፤ በእኛ ዘንድ ደስታ በስልክ ይመጣል፣ መርዶ ግን በእግሩ፣ በማለዳ፣ ሰብሰብ ብሎ ነው የሚመጣው።

ዘጠኝ ዓመቴ እያለ፣ ከእኛ በታች ባለው ደርብ የሚኖር ሄንክ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር አባዬን አንድ ሐሳብ ጫረበት። ሄንክም ሳይክል ወዳድ ነው። በባቡር ስዊዘርላንድ ድረስ ሄደው፣ ከዚያ በሳይክል ስፕሉገን የሚባለውን የተራራ በር ተሻግረው ወደ ጣልያን ሐይቆች ሊወርዱ ተስማሙ። አባዬ ከአገሩ ከወጣ ተራራ አላየም። "እግሬ ዳገት ሳይረሳ" አላት እማዬን። አባዬ ከግድግዳ ወረቀት የተረፈ ቁራጭ ገልብጦ መንገዱን በእኔ ቀለሞች ሣለውና ወጥ ቤት ለጠፈው። ሐይቆቹን በሰማያዊ ቀባኋቸው። በሩን አባዬ ራሱ በቀይ ሣለው፤ ወደ ላይ የሚወጣ ጥምዝምዝ፣ ከዚያ ወደ ታች የሚወርድ ከሱ የረዘመ ጥምዝምዝ። "ይሄ ኮሞ የሚሉት ሐይቅን ሳይመስል አይቀርም" አለኝ፣ የራሱን ሐይቅ ማለቱ ነው። በየመስመሩ ሥር ቀኑን ጻፈበት። ረቡዕ የቀዩ ቀን ነበር።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ምድር ቤት ያለችው የዕቃ ክፍላችን ውስጥ ሳይክሉን ገልብጦ እያጸዳ ነበር፤ እኔ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ካቴናውን እፈትጋለሁ። የላምባና የግራሶ ሽታ እስከ ዛሬ ያንን ክፍል ያመጣብኛል። እማዬ ሻንጣው ውስጥ ምን እንደሚገባ ልትጠይቀው ከላይ ጠራችውና ወጣ። ብቻዬን ስሆን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የፊት ጎማውን የሚቆነጥጡት ሁለቱ ብረቶች ጫፍ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ላስቲክ የተሰካባቸው ትንንሽ የብረት ቤቶች አሉ። ጭቃ ነክሷቸው ነበር። እሱ ሲያደርግ እንዳየሁት በትንሿ መፍቻ ዳዶዎቹን ፈታሁ፣ ሁለቱን አወጣኋቸው፣ በእማዬ የሳህን ሳሙና እንደ ማንኪያ እስኪያበሩ አጠብኳቸው፣ መልሼ ገጠምኩ። በደንብ አጠበቅኳቸው፤ ምላሴን ነክሼ ነው ያጠበቅኩት።

አባዬ ሲመለስ ጎማውን አሽከረከረ፣ ፍሬኑን ያዝ አደረገው፣ ጎማው ቆመ። ከዚያ ብረቱ ሲያበራ አየና ወደኔ ዞረ። "አንቺ ነሽ?" አለ። ራሴን ነቀነቅኩ። አንድ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነና "እጅሽ ይባረክ፣ እደጊ፣ ተመንደጊ" ብሎ መረቀኝ፤ ሌላ ጊዜ እንደ ቀልድ የሚመርቀው ሰውዬ ያን ቀን ከልቡ ነበር። ደረጃውን ስወጣ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። እሑድ ጠዋት ከሄንክ ጋር ሳይክላቸውን እየነዱ ወደ ፖንቱ ሲሄዱ ከፎቁ ደጃፍ ቆመን እጃችንን አወዛወዝን። አባዬ ከመሄዱ በፊት እኔን ለማሳቅ አንዴ ዞሮ ፊት ለፊት ወደኛ መጣ። የታጠበው ፍሬን ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች እንደ ዓይን ሲያዩኝ ልብ አልኩ። አሳቁኝ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ተስፋይ እኛ ቤት ነበሩ። ጋሽ ተስፋይ አስመራ ተወልደው፣ በጉብዝናቸው አዲስ አበባ ሳይክል ሲያበጁ የኖሩ፣ አማርኛቸው ከእኛ የተሻለ ሽማግሌ ናቸው፤ ኖርድ ውስጥ የሐበሻ ሳይክል ሁሉ ሐኪሙ እሳቸው ነበሩ። የእማዬን አሮጌ ሳይክል ፍሬን ሊቀይሩ መጥተው ምድር ቤት ወርደናል፤ እኔ መፍቻ አቀባይ ነኝ። አዲሱን ላስቲክ ሲገጥሙ ብረት ቤቱን ወደ ብርሃን አነሡትና አሳዩኝ።

"እዪ። ይሄ ቤት አንድ በኩል ግድግዳ አለው፣ አንድ በኩል ክፍት ነው። ግድግዳው ሁልጊዜ ወደፊት ነው የሚዞረው። ጎማው ሲሮጥ ላስቲኩን ወደፊት ይጎትተዋል፣ ግድግዳው ይይዘዋል።"

"ክፍቱ ወደፊት ከሆነስ?" አልኳቸው። እማዬ "ከሆነስ ጋሽ ተስፋይ በይ፣ ስንቴ ልንገርሽ" አለችኝ ከደረጃው ላይ።

"እዚህ አገር ምንም አይሆንም፤ ሜዳ ነው፣ ማን ጠንክሮ ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ግን ላስቲኩ ተጎትቶ በክፍቱ ይወጣል፤ ሰውየው ባዶ ብረት ይዞ ይቀራል።" ከዚያ ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ ላይ እንደዚህ ሆኖ ስለቀረ አንድ ጓደኛቸው ነገሩኝ። ልጁ ሃያ ዓመቱ ነበር አሉ። "ከገደሉ ያወጣነው በማግስቱ ነው።"

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ግድግዳው ወደፊት ቢሆን ኖሮ፣ አባዬ ወደኛ ሲመጣ የሚያበራ ብረት ነበር ማየት የነበረብኝ። እኔ ያየሁት ሁለት ጥቁር ዓይኖች ነው።

ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ስንቴ ጠይቄዋለሁ። ግን በእኛ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ መንገደኛ ላይ ክፉ አይወራም። አባዬ የሌሊት ፈረቃ እንኳ ሲወጣ ክፉ ነገር ካነሣሁ እማዬ "ኧረ ዝም በይ፣ መንገድ ላይ ሰው አለን" ብላ አፌን ትይዘኝ ነበር። ክፉ ቃል ከአፍ ከወጣ መንገደኛውን ተከትሎ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ። እና ብናገር እገድለዋለሁ፣ ዝም ብልም እገድለዋለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ከዚህ ሌላ መንገድ አልታየኝም። ያን ቀን እራቴን አልበላሁም፤ እማዬ ግንባሬን ዳስሳ "ትኩሳት የለሽም" አለችኝ።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ። አባዬ ከተራራው በር ግርጌ ካለች መንደር ደውሎ ነው። እማዬ በእጇ አፏን ሸፍና ስትስቅ አየኋት፤ ተራራውን እያወራላት ነበር። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ሳንቲሙ ከወዲያ ቀጭ ሲል ይሰማል።

"ነገ ነው እንግዲህ ጣርማ በር" አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

"አባዬ... ፍሬኑ ደህና ነው?"

ሳቀ። "አንቺ በእጅሽ አጥበሽው ምን ይሆናል? እንዲያውም ሄንክ ሲያበራ አይቶ ቀናብኝ።"

እማዬ አጠገቤ ቆማ ነበር። ሐበሻ እናት አጠገብ ቆማ፣ ነገ ተራራ ለሚወርድ ሰው፣ "ልትሞት ትችላለህ" ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። "አባዬ፣ ቀስ ብለህ" ብቻ አልኩ። "እሺ እመቤት" ሲል መስመሩ ተቋረጠ። እማዬ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ስታስቀምጥ "እንዴት ያለች አሳቢ ልጅ ናት" አለች ለራሷ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትምህርት የለም። ወጥ ቤት ወረቀቱ ሥር ተቀመጥኩ። ቀዩን መስመር በጣቴ ተከተልኩት፤ ወደ ታች የሚወርደው ላይ አባዬ አሥራ ስምንት ጥምዝምዝ ሥሎ ነበር፣ ምናልባት እጁ እንዳመጣለት። በያንዳንዱ ጥግ ላይ ቆም ብዬ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አደርሳለሁ፤ ስጨርስ ከላይ እጀምራለሁ። ከወረደ በኋላ እደውላለሁ ብሏል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ አልደወለም። አንድ ሰዓት ሆነ። እማዬ "ስልክ አጥቶ ይሆናል፣ ገጠር አይደል" አለች፤ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ከስልኩ አልራቀችም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር ሁልጊዜ፤ ያን ቀን ግን አላለችውም።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ጭጋግ ነው። የመጀመሪያዋ ፖንት ያራገፈቻቸው ሰዎች ሳይክላቸውን እየነዱ አለፉ፣ ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ፣ ከዚያ በእግራቸው የሚመጡ አራት ሰዎች አየሁ። ከፊት ጋሽ ተስፋይ ናቸው። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች። ካፖርታቸው ሥር የነጠላው ነጭ ይታያል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኗል። ማንም አያወራም። ሽንቴ አምልጦኝ ነበር፣ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

ደወሉ ሲጮህ እማዬ በቢጃማ ወጣች። ከደረጃው ሲወጡ ሰማናቸው፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው። በሩን ከፍታ አየቻቸው። እማዬም ያንን ሥራ ብዙ ጊዜ ሠርታዋለች፤ ማንም እንዲነግራት አያስፈልጋትም ነበር። ወደኋላ ሄደች፣ በጀርባዋ ግድግዳውን አገኘችው። "ማነው?" አለች። ድምፅ አልነበረውም። ሴቶቹ እንደ ወጉ መጀመሪያ ገብተው ሊያስቀምጧት እጇን ያዙ።

ያን ጊዜ እኔ ጮህኩ። "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኩት!" አልኩ፤ ደጋግሜ አልኩት። አንደኛዋ ሴት ወደ ደረቷ አስጠግታ አፌን ካፖርቷ ውስጥ ደፈነችው። እርጥብ ሱፍ ሸተተኝ።

ጋሽ ተስፋይ ፈጥነው ወጉን ሰበሩት። ቆመው ሳሉ፣ እማዬ ሳትቀመጥ፣ "ባልሽ ደህና ነው፤ ከሱ በኩል ምንም የለም" አሉ። "አባትሽ ናቸው ያረፉት። ሳምንት አልፏል። የሮተርዳም ሰዎች ስለሰሙ ከሰው አፍ ሳትሰሚ ብለን ነው፣ ባልሽ እስኪመጣ ያልጠበቅነው።"

እማዬ "ተመስገን" አለች።

እንዲሁ ወጣ። ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሁሉም ሰማው። ከዚያ የተናገረችው ነገር ተመልሶ ጆሮዋ ሲደርስ ፊቷ ላይ አየሁት። እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያ "አባቴ፣ አባቴ" እያለች ማልቀስ ጀመረች። እኔ የሴትየዋ ካፖርት ውስጥ ሆኜ አያቴ በመሞታቸው ደስ ብሎኝ ነበር። አንድም ጊዜ አይቻቸው አላውቅም፤ ፎቶአቸው ብቻ ግድግዳችን ላይ ነበር። ያን ቀን ወደ ፎቶው መመልከት አልቻልኩም።

አባዬ የደወለው ሐሙስ ማታ፣ ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ ነው። ረቡዕ ዕለት የሄንክ ጎማ ፈንድቶ መንደር የደረሱት መሽቶ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ መንገደኛ ላይ መርዶ በስልክ አይነገርም። እማዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነሣችው። "ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ጉንፋን ነው ድምፄን የዘጋው" አለችው። ሐይቁ እንዴት ነው ብላ እንኳ ጠየቀችው። ለእኔም ሰጡኝ። "ወረድኩት!" አለኝ። "ጎሽ አባዬ" አልኩት፣ ሃያ ሰው እያየኝ።

እሑድ ሲገባ ከበር ላይ ነገሩት፤ አማቱን እንደ አባቱ ይወዳቸው ስለነበር ሳይክሉን እንደያዘ አለቀሰ። አንድ ሰው ሳይክሉን ተቀብሎ ምድር ቤት አስገባው፤ ማንም ልብ አላለውም። ጋሽ ተስፋይ ብቻ ትንሽ ቆይተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "ነይ እስቲ ሳይክሉን እንየው" አሉ። ያን የጮህኩትን እሳቸው አልረሱትም ነበር፤ ሰኞ ዕለት ከእጄ የወደቀውንም መፍቻ።

መብራቱን አብርተው ከፊት ጎማው ፊት ለፊት ተንበረከኩ። እኔም አጠገባቸው። ሁለቱ ጥቁር ዓይኖች እዚያው ናቸው። የቀኙ ከቤቱ ተንሸራትቶ ወጥቶ፣ ግማሹ ውጭ ነበር። ጋሽ ተስፋይ በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት ቀሪው ግማሽ ያለምንም ትግል ወጥቶ መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ከዚያ "አጆኺ" አሉኝ፤ በእሳቸው ቋንቋ አይዞሽ ማለት ነው። ከኪሳቸው አዲስ ላስቲክ አወጡ፣ መፍቻውን ለእኔ ሰጡኝ።

"ግድግዳው ወዴት?"

"ወደፊት፣ ጋሽ ተስፋይ።"

"ድገሚ።"

ሁለቱንም እኔው ገጠምኳቸው፤ ዳዶው ሁለቴ ወደቀብኝ። ስጨርስ ያችን የወለቀችውን ላስቲክ መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፏቸው። "ሆድ ካገር ይሰፋል" አሉኝ። ጋሽ ተስፋይ ካረፉ ቆዩ፤ ለአባዬም ለእማዬም ትንፍሽ ሳይሉ ነው ያረፉት።

ከዚያ ወዲህ እማዬ አንድ ነገር ተለወጠባት። ሐበሻ ሁሉ "እንደምን ነሽ?" ሲባል ተመስገን ይላል። እሷ "ደህና" ብላ ታቆማለች። ልጄን ስወልድ እንኳ "ክብሩ ይስፋ" ነው ያለችው። በየዓመቱ የአባቷን ተዝካር ስታወጣ ከቄሱ ጋር ለብቻዋ ታወራለች። ምክንያቱን የነገረችኝ እኔ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው፤ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" ነው ያለችኝ፣ "በአባቴ ሞት ያመሰገንኩ ሴት ነኝ።" ያን ቀን እንኳ፣ እያለቀሰች ስትነግረኝ፣ የእኔን ግማሽ አልነገርኳትም።

ዛሬ ሁሉ ነገር ሌላ ነው። ባለፈው በጋ ልጄ ያንኑ የተራራ በር በሳይክል ወረደው። ስልኬ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ሲሄድ ሥራ ቦታዬ ተቀምጬ አየዋለሁ፤ ነጥቡ ሲቆም እኔም እቆማለሁ። ከመሄዱ በፊት ፍሬኑን ልይ ብዬ ብንበረከክ "ማማ፣ ይሄ እኮ ዲስክ ነው፣ ወደፊት ወደኋላ የለውም" ብሎ ሳቀብኝ። አያቱን አንተ ነው የሚለው፤ መርዶም ቢሆን አሁን በስልክ መልእክት ነው የሚደርሰን፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆመን። ማንም ጎህ ሳይቀድ አይመጣም። ይሄ ይሻላል የምልበት ቀን አለ። ግን ያኔ አራት ሰዎች በጭጋግ ውስጥ ለአንዲት ሴት ሐዘን ብለው ውሃ ተሻግረው መጥተው ነበር፣ እሱንም አልረሳውም።

ልጄ በሰላም ሲመለስ ኖርድ፣ ወላጆቼ ቤት ተሰበሰብን። ወጥ ቤት ከእማዬ ጋር ሳህን ስናጥብ ቦርሳዬን ከፍቼ ላስቲኳን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት የልጄ ነጥብ ሁለት ቀን ሙሉ ስላስጨነቀኝ ይሆናል። ሁሉንም ነገርኳት። የሳህኑን ሳሙና፣ ሁለቱን ዓይኖች፣ ስልኩን፣ ግማሹ ወጥቶ የተገኘውን። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ላስቲኳን ገለበጠቻት።

"ያን ጠዋት 'እኔ ነኝ' ያልሽው... ለዚህ ነበር?"

"አዎ።"

"እና እውነትም ሊሞት ይችል ነበር።"

"አዎ፣ እማዬ።"

ሳሎን ውስጥ አባዬ ለልጄ ስፕሉገንን በወሬ እየወረደው ነበር። ሰማንያ አልፎታል፣ ጆሮው ከድቶታል፣ ስለዚህ ጎረቤት ይሰማዋል። ሄንክ እንዴት እንደፈራ፣ እሱ እንዴት በጥግ በጥጉ ሰንጥቆ እንደወረደ፣ ሐይቁ ከታች ብልጭ ሲል እንዴት እንዳለቀሰ። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምተነዋል፤ መጨረሻው ምን እንደሆነም እናውቀዋለን። "ያን ቀን ፍሬኔ እንደ ምላጭ ነበር" አለ። "እናትህ ናት በእጇ ያጠበችልኝ። እጇ የተባረከ ነው።"

እማዬ ላስቲኳን ጨብጣ፣ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ነጭ ጭንቅላቱን፣ በአየር ላይ ጥምዝምዙን የሚሥለውን እጁን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ጥርት አድርጋ፣ "ተመስገን" አለች።

አባዬ አልሰማትም። መሪውን እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ቁልቁለቱን እንደገና ጀመረው።